ዘፈንና መንዙማችሁን ዲቪዲ ላይ እንዲህ አስቀምጡ

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ብዙ ሰው ዘፈኑም መንዙማውም ያለው አንድ ፍላሽ ወይም የስልክ ሚሞሪ ላይ ብቻ ነው። እሱ አንድ ቀን አልከፈት ካለ አለቀ። የገበያ አልበም ከሆነ ተፈልጎ ይገኛል። ከካሴት የተገለበጠ የሰርግ ጨዋታ ወይም አያታችሁ ያሉበት የመንዙማ ቅጂ ግን ከየትም አይመጣም፤ ስለዚህ መጀመሪያ እሱን አድኑ።

ሲዲ 700 ሜጋባይት ብቻ ስለሚይዝ ዲቪዲ ግዙ፣ 4.7 ጊጋባይት ነው። ኮምፒውተሩ 4.37 ቢላችሁ አትደንግጡ፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። ጥራቱ 320 ኪሎቢት የሆነ የአምስት ደቂቃ ኤምፒ3 ወደ 12 ሜጋባይት ስለሚሆን፣ አንዱ ዲቪዲ ከ350 በላይ ዘፈን ይችላል። ተሰርዞ እንደገና የሚጻፈውን «አርደብሊው» ተዉት። ላፕቶፓችሁ የዲስክ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ መጻፊያ አለ።

ትልቁ ሥራ ከመጻፉ በፊት ነው። ከሙዚቃ ቤት የተሞላ ሚሞሪ ክፈቱ፤ ግማሹ «ትራክ 01» ነው፣ የዘፋኝ ስም የለውም። እንዲህ ሆኖ ከተጻፈ ከዓመታት በኋላ ማንም አይፈታውም። እኔ ፎልደሩን የምከፍለው በቅኝት ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ሁለቱ በእኛው በወሎ አገር ስም የሚጠሩ ናቸው፣ እናም ባቲና አምባሰሉ ተለይቶ ሲቀመጥ ደስ ይለኛል። መንዙማ ለብቻው ይሁን፣ የቤተሰብ ቅጂም ለብቻው። በቤተሰብ ቅጂው ላይ ማን እንደሚያዜም፣ የት እንደተቀዳ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ፣ የሚያውቁት ትልልቅ ሰዎች በሕይወት እያሉ ጠይቃችሁ በጽሑፍ ፋይል እዚያው ፎልደር ውስጥ ጨምሩ። ይህን እባካችሁ አትዝለሉት።

ለመጻፍ «ኢምግበርን» (ImgBurn) በነፃ የሚገኝ ጥሩ ፕሮግራም ነው። ዲስኩን የምትጽፉት እንደ ዳታ ነው እንጂ እንደ ኦዲዮ ሲዲ አይደለም፤ ኦዲዮ ሲዲ 80 ደቂቃ ላይ ይሞላል። ፍጥነቱን 8 ላይ አድርጉት፣ አትቸኩሉ። ላፕቶፑ ቻርጁ ሙሉ ይሁን፤ በዴስክቶፕ እየጻፋችሁ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ያ ዲስክ አብሮ ይሄዳል። ሲጨርስ ከዲስኩ ላይ መልሶ እንዲያነብና እንዲያረጋግጥ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ከመጀመሪያም ከመጨረሻም አንዳንድ ዘፈን አጫውቱ። ይህ ሳይሆን ፍላሹን እንዳታጠፉ፤ ቢቻልማ ከዚያም በኋላ አታጥፉት።

ዲስኩ ላይ ወረቀት አትለጥፉ፣ በእስክሪብቶም አትጻፉ። ጫፉ ለስላሳ በሆነ ማርከር መሃሉ ላይ ባለው ጥርት ያለ ቀለበት ላይ ጻፉ። የዲስክ ማስቀመጫ ሳጥኑ ውስጥ ከታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ብርሃንና ሙቀት ዘፈኑ የተጻፈበትን የዲስኩን ቀለም ያበላሸዋል፣ ስለዚህ የኮምቦልቻ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ወይም መኪና ውስጥ አይቀመጥም። ከእያንዳንዱ ሁለት ቅጂ ሥሩና አንዱን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ስጡ፣ ሐይቅም ይሁን ወልዲያ። በየዓመቱ አንዴ ክፈቱት፤ ማንበብ ሲያዳግተው ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ አዲስ ዲስክ ገልብጡት።