የምትወዱትን ልብወለድ ስትጠቁሙ እንስሳውን ደብቁት

«ስለ ጥንቸሎች ነው፤ አሪፍ መጽሐፍ ነው» ስትሉት ጓደኛችሁ «የልጆች ነው እንዴ?» ብሎ ከሳቀ፣ ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም። የአነጋገራችሁ ነው። የእንስሳትና የምናባዊ ዓለም ልብወለድ በአጭሩ ሲነገር ተረት ተረት ይመስላል።

ስለዚህ እንስሳውን ተዉትና ጭንቁን ብቻ ንገሩት። ለምሳሌ በ1972 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሪቻርድ አዳምስን የጥንቸሎች ልብወለድ «ዋተርሺፕ ዳውን» እንዲህ አድርጋችሁ ጀምሩት፦ «አንድ ደካማ ታናሽ ወንድም ‹ሰፈራችን ሊጠፋ ነው› ይላል። አለቃው አልሰማውም። ጥቂቶች በሌሊት ጥለው ወጡ።» እዚህ ላይ ዝም። «ከዚያስ?» ካለ መጽሐፉን አቀብሉት። ሽፋኑ ላይ ጥንቸል ቢያይም ግድ የለም፤ አንዴ ተይዟል! ለጥንቸል ደንታ የሌለው ሰው እንኳ ቤቱን ጥሎ ለሚሰደድ ልቡ ይራራል። በዚህ መንገድ የምናባዊ ዓለም ባዕድ ስሞችና የካርታ ጋጋታም ገና ከመጀመሪያው አያደናግሩትም።

መጽሐፉን ለልጅ ስታውሱ ግን ይህን ዘዴ አትሞክሩት። አዳምስ ታሪኩን መጀመሪያ ያወራው መኪና ውስጥ ለሁለት ሴት ልጆቹ ቢሆንም፣ መጽሐፉ ደምና ሞት አለበት። ለወላጅ አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሩ።