የኒኬል ናኖ ሽቦ እንዴት ይሠራል? ዓይናችሁ ከከረንቱ ላይ አይነቀል

ማግኔታዊ ናኖ ሽቦ (በናኖሜትር የሚለካ እጅግ ቀጭን ሽቦ) መሥራት ለሚጀምር ሰው ምክሬ፦ መጀመሪያ ኒኬልን ያዙ። ኮባልት ይቆይ፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዘዴው ኒኬልን ከፈሳሽ ውስጥ በኤሌክትሪክ እያወጡ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ማሳደግ ነው። መነሻው በቀዳዳ የተሞላ የአሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ሜምብሬን፣ ማለትም ስስ ገበታ ነው። ለማጣሪያነት የሚሸጠው አንዱ ዓይነት ቀዳዳው ወደ 200 ናኖሜትር፣ ውፍረቱ ወደ 60 ማይክሮሜትር ነው፤ ለመማሪያ ይበቃል። አንዱን ፊት በቫክዩም መሣሪያ ወርቅ ወይም ብር ቀቡት። ቅቡ ከሳሳ ፈሳሹ ወደ ኋላ ይሾልክና ኒኬሉ ያልታሰበበት ቦታ ይበቅላል። ጥቂት መቶ ናኖሜትር ይሁን፣ ጀርባውንም ፈሳሽ እንዳይነካው ሸፍኑት።

ለፈሳሹ ዋትስ የተባለው የቆየ የኒኬል መለበጫ ቅመራ ጥሩ ነው፦ በ1 ሊትር 300 ግራም ኒኬል ሰልፌት፣ 45 ግራም ኒኬል ክሎራይድ፣ 45 ግራም ቦሪክ አሲድ፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ3.5 እስከ 4። ቦሪክ አሲዱን እንዳትተዉት፤ ካቶዱ (ኒኬሉ የሚያድግበት፣ የተቀባው ፊት) አጠገብ ሃይድሮጅን ሲወጣ ፒኤቹ እንዳይዘል የሚይዘው እሱ ነው። የኒኬል ጨው ካንሰር ያመጣል። ጓንት አድርጉ፣ ዱቄቱን አትተንፍሱት፣ ትራፊውንም ቧንቧ ውስጥ አትድፉ።

ሜምብሬኑን ፈሳሹ ውስጥ ዘፍዝፉና አየሩ ከቀዳዳዎቹ እስኪወጣ ታገሡ። ከዚያ ለቮልቴጁ ማነጻጸሪያ ከሚሆነው ከብር/ብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ አንጻር ወደ −1 ቮልት ስጡት። ከዚህ በጣም ካወረዳችሁት የሃይድሮጅን አረፋ ቀዳዳ ይደፍናል።

አሁን ከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) ተመልከቱ፣ ቀዳዳው ውስጥ የሚሆነውን የሚነግራችሁ እሱ ነውና። መጀመሪያ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ረጋ ብሎ ይቆያል፤ ያኔ ሽቦው እያደገ ነው። በድንገት ሽቅብ ከወጣ ሽቦዎቹ አፍ ደርሰው ከላይ እንደ እንጉዳይ መዘርጋት ጀምረዋል ማለት ነው፤ ከዚያ በፊት አቁሙ። ገና ከጅምሩ ዜሮ አካባቢ ከሆነ ወይ የኤሌክትሪክ ግንኙነቱ ላልቷል፣ ወይ ቀዳዳው ውስጥ አየር ቀርቷል። ርዝመቱንም ገምቱ፦ በ1 ካሬ ሴንቲሜትር የቀዳዳ ስፋት ለ1 ማይክሮሜትር ኒኬል ወደ 2.9 ኩሎምብ ያስፈልጋል። ከፊሉ ለሃይድሮጅን ስለሚሄድ ትክክለኛው ርዝመት ከግምታችሁ ያንሳል።

ነጠላ ሽቦ ከፈለጋችሁ አሉሚናውን በ1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙት፣ ኒኬሉ አይነካም። በማግኔት እየሰበሰባችሁ ደጋግማችሁ እጠቡና በኤታኖል ውስጥ አስቀምጡ። ግን አትቸኩሉ፤ ማግኔታዊ ባህሪውን ለመለካት ሽቦዎቹ ሜምብሬኑ ውስጥ ተሰልፈው ቢቆዩ ይሻላል።

ቪኤስኤም (ናሙናውን እያንቀጠቀጠ ማግኔታዊነቱን የሚለካ መሣሪያ) ላይ ሁለት ጊዜ ለኩ፦ ማግኔታዊ መስኩን አንዴ በሽቦው አቅጣጫ፣ አንዴ ወደ ጎን። በሽቦው አቅጣጫ የሂስተሬሲሱ ኩርባ (መስኩ ሲጨምርና ሲቀንስ ማግኔታዊነቱ የሚከተለው መስመር) ቀና ያለ፣ ወደ ጎን ደግሞ የተጋደመ ከሆነ ቅርጹ ማግኔቱን እየገዛው ነው። ለብቻው ለቆመ ረጅም የኒኬል ሽቦ ይህ የቅርጽ መስክ ወደ 3000 ኧርስቴድ (የማግኔታዊ መስክ መለኪያ) ነው፤ ቀዳዳዎቹ በተቀራረቡ ቁጥር ሽቦዎቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ልዩነቱ ይጠባል። ኮባልት ይቆይ ያልኩት ለዚህ ነው፦ የራሱ የክሪስታል (የአቶሞቹ አደራደር) አቅጣጫ ከቅርጹ ጋር ይፎካከራል፣ የፈሳሹም ፒኤች ይህን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ከኤክስሬይ ምርመራ ሳታገናኙ ኩርባውን ብቻ አይታችሁ አትደምድሙ። ባዶ ሜምብሬንም ለይታችሁ ለኩና ከውጤቱ ቀንሱ፣ የራሱ ደካማ ምልክት አለውና።