በጉልምስና ኦቲስቲክ መሆንዎን ካወቁ በኋላ፦ የመጀመሪያዎቹ ወራት

ውጤቱን በሰሙ ሰሞን ሥራ አይልቀቁ፤ ለዘመድ አዝማድ ሁሉም ስልክ አይደውሉ። እፎይታ፣ ሐዘንና ንዴት የሚፈራረቁበት፣ ያለፈው ዕድሜ እየተመዘዘ እንቅልፍ የሚነሣበት ጊዜ ነው። ኦቲዝም አብሮ የተወለደ የአእምሮ አሠራር እንጂ የሚድን በሽታ ስላልሆነ የሚያስቸኩል ነገር የለም። አብረውት የሚመጡት ጭንቀት፣ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ግን ይታከማሉ፤ ለእነሱ ሐኪም ጋ ለመሄድ አይዘግዩ። (ያወቁት ከኢንተርኔት መጠይቅ ብቻ ከሆነ፣ በኤኪው-10 (ባለ 10 ጥያቄ የኦቲዝም መለያ መጠይቅ) ላይ 6 እና ከዚያ በላይ ማምጣት «ሙሉ ምርመራ ያድርጉ» ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ለምርመራው ልጅነትዎን የሚያውቅ ሰው፣ እናት ወይም አክስት፣ ይዘው ይሂዱ።)

መጀመሪያ የሚያደክምዎትን ይለዩ። ለ2 ሳምንት ትንሽ ደብተር ይዘው ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ በአካባቢው የነበረውን ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና ሰው፣ እንዲሁም ድካምዎን ከ0 እስከ 10 ይጻፉ። በቀን ሦስት ጊዜ ስልክዎ ላይ ደወል ይሙሉ፤ ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች ረሃባቸውንና ድካማቸውን የሚያውቁት ከመጠን ካለፈ በኋላ ነውና። ስሜትዎን መሰየም ከቸገረዎት አካልዎን ይጻፉ፦ መንጋጋዬን ነክሻለሁ፣ ትከሻዬ ተወጥሯል፣ ውኃ አልጠጣሁም። ሁሉንም ማታ ከትዝታ መጻፍ አይሠራም። የጠዋቱ ታክሲ ሙዚቃና የቢሮው ጫጫታ ያጠራቀሙት ድካም የሚፈነዳው ቤት ሲደርሱ ስለሆነ፣ ጥፋቱ በጎረቤት ልጅ ጩኸት ይሳበባል።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሦስቱን ባንድ ላይ ከለወጡ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ችግሩ ድምፅ ከሆነ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ርካሽ ነው። በንጹሕ ጣት አጥብቀው ይሹት፤ ሌላኛውን እጅ በጭንቅላትዎ ላይ አዙረው ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ስበው ያስገቡት፤ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ይያዙት። ግማሹ ወደ ውጭ ከቀረ አልገባም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ግን አያድርጉት፤ ጆሮ ጸጥታ ሲለምድ ተራው ድምፅ ይብስበታል። መንገድ ሲሻገሩም ያውጡት።

ከማኅበራዊ ኑሮ መቅረት አያስፈልግም፣ አገባቡን መለወጥ ይበቃል። ለቅሶ ቤት ድንኳኑ ሳይሞላ በማለዳ ይድረሱ፣ ዳር ይቀመጡ፤ ወይም ውኃ ማደልን የመሰለ ሥራ ይያዙ፤ ሥራ የያዘን ሰው «ተጫወት እንጂ» የሚለው የለም። የቡናው ጭስና እጣን የሚከብድዎት ከሆነ በሩ አጠገብ ይቀመጡ ወይም ለቶና ይድረሱ፤ ቆላው ያኔ አልፏል። ጉርሻ ሲመጣ መዳፍ ዘርግቶ «እጄ ላይ ስጪኝ» ማለት ከእምቢታ ይሻላል።

ሲናገሩ ስሙን ሳይሆን የሚፈልጉትን ያስቀድሙ። እኛ ዘንድ «ኦቲዝም» ሲባል ቶሎ የሚታየው የማይናገር ሕፃን ነው፤ ስለዚህ «አንተማ ደህና ነህ» ወይም «ጠበል ሞክር» ይከተላል። «እማዬ፣ ከሥራ ስመለስ ግማሽ ሰዓት ብቻዬን ልሁን፤ ተቆጥቼ አይደለም» ቢሉ ይገባታል። ለአለቃዎ፦ «የሚሠራውን በቴሌግራም ቢጽፉልኝ ሳልሳሳት እጨርሰዋለሁ።» ይህ ካልሠራ ሕግ አለ፦ በኢትዮጵያ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000፣ በአሜሪካ ደግሞ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው መሥሪያ ቤቶች ላይ የሚሠራው የ1990 (እ.ኤ.አ.) የአካል ጉዳተኞች ሕግ፣ ተመጣጣኝ ማመቻቸትን፣ ማለትም ለሠራተኛው የሚያስፈልገውን ማስተካከያ ማድረግን፣ ያዛሉ። ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል የምርመራ ወረቀትዎን ኮፒ ያስቀምጡ።

ሁሉ ነገር ሞልቶ የፈሰሰ ዕለት፣ ማለትም ማልቀስ፣ መጮኽ ወይም ቃል ከአፍ አለመውጣት ሲመጣ፣ አብሮዎት የሚኖር ሰው ምን እንደሚያደርግ ቀድመው ይንገሩት፦ መብራት ይቀንስ፣ ቴሌቪዥን ያጥፋ፣ ውኃ ያስቀምጥ፣ ጥያቄ አይጠይቅ፣ ካልፈቀዱለት አይንካዎት። «ምን ሆነሃል?» የሚለው በነጋታው ይደርሳል።