ዱፕሌክስ ከመግዛትዎ በፊት የሚጣሩ ነገሮች

አሜሪካ ውስጥ ባለ ሁለት ቤተሰብ ቤት (ዱፕሌክስ) ገዝቶ በአንዱ እየኖሩ ሌላውን ማከራየት ለሚፈልግ፣ የኤፍኤችኤ ብድር (የፌዴራል መንግሥቱ የቤቶች አስተዳደር ዋስትና የሚሰጠው የቤት ብድር) ጥሩ መግቢያ ነው። ክሬዲት ስኮርዎ (የብድር አከፋፈል ታሪክዎ ነጥብ) 580ና ከዚያ በላይ ከሆነ ቅድመ ክፍያው ከ3.5 በመቶ ይጀምራል። ግን በ60 ቀን ውስጥ ገብተው ቢያንስ አንድ ዓመት ሊኖሩበት ግድ ነው።

ከሁሉ በፊት ቤቱ በከተማው መዝገብ የሁለት ቤተሰብ ተብሎ መፈቀዱን ያጣሩ። ቤዝመንቱን (ምድር ቤቱን) ከፋፍለው «ሁለት ቤት ነው» የሚሉ ሻጮች አሉ፤ ከተማው ካዘጋው ኪራዩ ይቀራል፣ ዕዳው ግን አይቀርም። የመብራትና የጋዝ ቆጣሪዎቹንም ይቁጠሩ። ማሞቂያው የጋራ ከሆነ የክረምቱ ሂሳብ በእርስዎ ላይ ነው።

በማደግ ላይ ባለ ሰፈር ብዙው ቤት አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ ሊድ (እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ይጠርጥሩ፤ መስኮቱ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር የሚረግፈው አቧራ ለሕፃናት አደገኛ ነው። የፍሳሽ ቱቦውን በካሜራ ያስፈትሹ፤ የዛፍ ሥር የገባበት የሸክላ ቱቦ ከተለመደው የቤት ፍተሻ (ኢንስፔክሽን) ያመልጣል።

የንብረት ግብሩን በሻጩ ደረሰኝ አይገምቱ፤ በብዙ ቦታ ከሽያጭ በኋላ እንደ አዲስ ይተመናል። ተከራይ ካለ ውሉንና ያስያዘውን ዲፖዚት በክሎዚንግ (ግዢው በሚጠናቀቅበት) ቀን ይረከቡ።