ጎነ ሦስትን ስንመድብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ሳስጠና ደጋግሜ የማርመው ስህተት፣ አንድ ሹል ዘዌ (ከ90 ዲግሪ ያነሰ ማዕዘን) እንደታየ «ሹል ዘዌ ጎነ ሦስት ነው» ብሎ መደምደም ነው። የሦስቱ ዘዌዎች ድምር 180 ዲግሪ ስለሆነ ማንኛውም ጎነ ሦስት ቢያንስ ሁለት ሹል ዘዌዎች አሉት። መታየት ያለበት ትልቁ ዘዌ ነው፤ እሱ ከ90 ዲግሪ ካነሰ ጎነ ሦስቱ ሹል ዘዌ፣ ልክ 90 ከሆነ ማዕዘናዊ፣ ከበለጠ ደግሞ ዝርጥ ዘዌ ይባላል።

ሌላው ስህተት የጎኖችን ጥያቄ ከዘዌዎች ጥያቄ ጋር መቀላቀል ነው። «ሁለት ጎኖቹ እኩል ስለሆኑ ዝርጥ ዘዌ ሊኖረው አይችልም» የሚል ልጅ ሲገጥመኝ ወደ ሰፈሩ የቆርቆሮ ጣሪያዎች አመለክተዋለሁ። ግራና ቀኝ የተጋደሙት ሞራሌዎች እኩል ሆነው እያንዳንዳቸው ከአግዳሚው ጋር 20 ዲግሪ ቢሠሩ፣ ከላይ የሚገናኙበት ዘዌ 140 ዲግሪ ይሆናል፤ ጎነ ሦስቱም ሁለት ጎኖቹ እኩል የሆኑ ዝርጥ ዘዌ ጎነ ሦስት ነው። ሦስቱም ጎኖች እኩል ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ ዘዌ 60 ዲግሪ ስለሚሆን ከሹልነት በቀር ምርጫ የለም።

በዓይን መፍረድ ከሁሉም ይከፋል፤ ምክንያቱም ማዕዘናዊ ጎነ ሦስት ዘንበል ተደርጎ ሲሣል ብዙዎች አያውቁትም፣ 88 ዲግሪ የሆነውን ደግሞ 90 ነው ይላሉ። እዚሁ ሰፈር ቤት የሚሠሩ ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ በዓይናቸው አይተማመኑም። ከማዕዘኑ በአንዱ ሲባጎ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክተው ምልክት ካደረጉ በኋላ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር መሆኑን ያረጋግጣሉ፤ የ3 እና የ4 ካሬዎች፣ 9 እና 16፣ ተደምረው የ5 ካሬ የሆነውን 25 ይሰጣሉና። ርቀቱ 5 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዘዌው ከ92 ዲግሪ ያልፋል። ተማሪም እንዲሁ የሁለቱን አጫጭር ጎኖች ካሬዎች ድምር ከረጅሙ ጎን ካሬ ጋር ያነጻጽር፦ ድምሩ ከበለጠ ሹል፣ ካነሰ ዝርጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን አጫጭሮቹ ተደምረው ከረጅሙ መብለጣቸውን ይመልከት፤ 2፣ 3 እና 6 ጎነ ሦስት አይሠሩም።

በፕሮትራክተር ሲለካም የተሳሳተውን የቁጥር መስመር አንብቦ 60ን 120 ማለት የተለመደ ነው።

በመጨረሻ፣ ሦስቱም ጎኖቹ እኩል የሆነው «ሁለት ጎኖቹ እኩል» ከሚባለው ምድብ ውጭ ነውን? የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ሁለት ጎኖች ብቻ እኩል እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ትርጓሜ ግን «ቢያንስ ሁለት» ስለሚል ያካትተዋል።