ስልክ ላይ የጻፋችሁት ኮምፒውተር ላይ ካልመጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ኖት መያዣ አፕ ስትመርጡ "የቱ ያምራል" ብላችሁ አትጀምሩ። "ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሆናል" ብላችሁ ጀምሩ። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለሚኖር ሰው ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ዋይፋዩም ተከትሎት ይሄዳል፣ ፓኬጁም ባልታሰበ ሰዓት ያልቃል። ደሴ እያደረ ኮምቦልቻ የሚማር ልጅ ደግሞ ኖቱን የሚያነበው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ታክሲ ውስጥ ነው። ከታች ያለው፣ ሰው በብዛት የሚጠይቀኝ ችግር ነው፣ ከነምክንያቱና ከነመፍትሄው። የትኛውን አፕ መያዝ እንዳለባችሁም ከዚያው ታገኙታላችሁ።

ስልክ ላይ ጻፍኩት፣ ኮምፒውተር ላይ የለም

አብሽሩ፣ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ አልጠፋም። ሌላ አካውንት ውስጥ ነው ያለው። ስልክ ስንገዛ ሞባይል ቤቱ "ጂሜይል ላውጣልህ" ይልና ያወጣል፣ ፕሌይ ስቶር ይከፈታል፣ ፓስወርዱን ግን ማንም ጽፎ አይይዘውም። በኋላ ኮምፒውተር ላይ በራሳችን ጂሜይል እንገባለን። ስልኩ በአንዱ፣ ኮምፒውተሩ በሌላው፣ በምን ይገናኙ?

አፑን ክፈቱና ከላይ ጥግ ያለችውን ክብ ምስል ንኩ። የሚመጣውን የኢሜይል አድራሻ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ከተለያየ ስልኩ ላይ የራሳችሁን አካውንት ጨምሩና ከዚያ በኋላ በሱ ጻፉ። የድሮው ኖት በራሱ አይሻገርም። ጉግል ኪፕ ከሆነ ኖቱን ለራሳችሁ ጂሜይል ሼር አድርጉት፣ ከዚያ በአዲሱ አካውንት ገብታችሁ የራሳችሁን ኮፒ አውጡለት።

አካውንቱ አንድ ሆኖም እምቢ ካለ ባትሪ ቆጣቢውን ጠርጥሩ። ብዙዎቻችን የምንይዛቸው አንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለማቆየት ብለው ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ይዘጉታል። ሴቲንግ ግቡ፣ አፕስ፣ ከዚያ የኖት አፓችሁ፣ ከዚያ ባተሪ፣ "አንሪስትሪክትድ" የሚለውን ምረጡ። ዳታ ሴቨር ከበራም አፑን እንዲያልፈው ፍቀዱለት። ይሄን ሁሉ መነካካት ለማይወድ ደግሞ ቀላሉ መላ ይሄ ነው፦ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ስልኩን ወዲያው ኪስ አትክተቱት፣ አፑን እንደተከፈተ ትንሽ ተዉት።

መብራት ሲጠፋ ኖቴም አይከፈትም

አፑ ጽሑፋችሁን የሚያስቀምጠው ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው ማለት ነው። ይሄን ከተቸገሩ በኋላ ከማወቅ በፊት መፈተን ይሻላል። አዲስ አፕ ስትጭኑ ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ የኮምፒውተሩንም ዋይፋይ አጥፉ። ከዚያ ሁለቱም ላይ አሮጌ ኖት ክፈቱ፣ አዲስም ጻፉ። ሁለቱንም መልሳችሁ ስታበሩ የጻፋችሁት ሁሉ ካልተገናኘ አፑን ከሁለቱም ላይ አጥፉት። ምንም ያህል ቢያምር ለኛ አገር አይሆንም።

ጉግል ኪፕ ስልክ ላይ ፈተናውን ያልፋል። ኮምፒውተር ላይ ግን በብራውዘር ስለሆነ የሚከፈተው ኢንተርኔት ከሌለ ዋጋ የለውም። የገበያ ዝርዝር፣ ስልክ ቁጥር፣ አጭር ሐሳብ ለመያዝ ይበቃል፤ ለሴሚስተር ሙሉ ትምህርት አይበቃም። ኖሽን ለዓመታት ያለ ኢንተርኔት አይሠራም ነበር። ኦፍላይን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው፣ በነጻው አካውንት ደግሞ የምትፈልጉትን ገጽ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ማውረድ አለባችሁ። ማን ያስታውሳል?

ለተማሪ ዋንኖትን እመርጣለሁ። ነጻ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል፣ ያለ ኢንተርኔት ይጻፍበታል፣ ሰሌዳውን ፎቶ አንስታችሁም ከጽሑፉ ሥር መለጠፍ ትችላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የሚያስቀምጠው ዋንድራይቭ በሚባለው የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ማስቀመጫ ላይ ነው፣ ነጻው ቦታ ደግሞ 5 ጊጋባይት ነው። በፎቶ ከሞላ ሲንኩ (የስልኩና የኮምፒውተሩ መገናኘት) ይቆማል።

ረጅም ጽሑፍ ለሚጽፍና ጽሑፌ በእጄ ይሁን ለሚል ሰው ጆፕሊን ጥሩ ነው። ነጻ ነው፣ ጽሑፉ መጀመሪያ የሚቀመጠው በራሳችሁ ስልክና ኮምፒውተር ላይ ነው፣ የሚገናኘውም በድሮፕቦክስ ወይም በዋንድራይቭ ነው። ሲጀመር ትንሽ ያስቸግራል፣ አንዴ ከተስተካከለ ግን አያስቸግርም። ኦብሲዲያንም ግሩም ነው፤ የራሱ ሲንክ ግን በክፍያ ነው። ያለ ክፍያ ሲንክቲንግ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ማገናኘት ይቻላል፣ ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዋይፋይ ላይ ካሉም ኢንተርኔት እንኳ አያስፈልገውም። ለጀማሪ ግን አልመክረውም።

አንዱ ኖት ሁለት ሆነብኝ፣ ወይም ያስተካከልኩት ተመለሰ

ይሄ በተለይ ሱቅ ያለውን ሰው ይጎዳል። ጠዋት ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ ኔትወርክ ሳይኖር ስልኩ ላይ "ሲሚንቶ 40" የሚለውን "25" አደረገው እንበል። ደሴ ሱቅ ያለው ልጅ ደግሞ እዚያው ኖት ላይ በኮምፒውተር "ሲሚንቶ 32" ብሎ ጻፈ። ማታ ሁለቱ ሲገናኙ አፑ የቱን ይመን? ጆፕሊን "ኮንፍሊክትስ" የሚል ኖትቡክ ይፈጥርና አንዱን እዚያ ያስቀምጥላችኋል። ዋንኖትም የተጋጨውን ገጽ ያሳያችኋል። አንብባችሁ ትክክለኛውን ካስቀራችሁ በኋላ ሌላውን አጥፉ፤ ሳታነቡ የምታጠፉ ከሆነ ሒሳቡ አለቀለት።

መድኃኒቱ አንድ ኖት ላይ ሁለት ሰው አለመጻፍ ነው። እያንዳንዱ በየቀኑ የራሱን ኖት ይክፈት፣ ማታ አንድ ሰው ይደምረው። የዕቃ ቁጥር ብዙ ከሆነ ደግሞ ኖት ትታችሁ ወደ ጉግል ሺትስ ሂዱ።

አማርኛው ስልክ ላይ ሲደርስ ዝባዝንኬ ይሆናል

ኮምፒውተሩ ላይ ጥርት ያለ ግዕዝ፣ ስልኩ ላይ የላቲን ፊደልና ምልክት። አፑ ጥፋት የለበትም። ጽሑፉ የተተየበው በድሮ ፎንት ነው። እነዚያ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ የግዕዝ መልክ ነው የሚያለብሱት፣ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲደርስ ልብሱ ይወልቃል። ግዕዝ የራሱን ቁጥር በዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ እስካሁን በድሮው የሚተይብ ኮፒ ቤት ግን ሞልቷል። ስታስተይቡ "በዩኒኮድ ይሁንልኝ" በሉ። ራሳችሁ ከተየባችሁ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል እንደ አነባበቡ መተየብ ለለመደ ኪማን የሚባል ኪቦርድ በነጻ ይገኛል፣ ስልክ ላይ ጂቦርድ ይበቃል።

እንደጻፍኩት አውቃለሁ፣ ስፈልገው ግን አይመጣም

"ሐምሌ" ብላችሁ ጽፋችሁ "ሀምሌ" ብላችሁ ስትፈልጉ ለአፑ ሌላ ቃል ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። ሌላውን ፊደል ሞክሩ። ወደፊት ደግሞ ርዕሱ ላይ በቁጥር ቀን ጨምሩ፣ ቁጥር አያሳስትም።

ስልኩ ይሠራል፣ ዴስክቶፑ ብቻ አልገናኝም ይላል

ሰዓቱን እዩ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ከተመለሰ ብራውዘሩ የማንንም ድረ ገጽ ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) አይቀበልም፣ ሲንኩም ይቆማል። ቀኑን አስተካክሉ። በየጊዜው የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለውጡ፣ አብዛኛው ላይ ያለችው ሲአር2032 ናት።

በነጻ ጀመርኩ፣ አሁን ክፈል አለኝ

ኤቨርኖት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነጻውን ወደ 50 ኖትና አንድ ኖትቡክ አወረደው። ክፍያው በዶላር ካርድ ነው፣ አብዛኞቻችን ደግሞ የለንም። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ "ኤክስፖርት" (ጽሑፋችሁን በሙሉ ማውጫ) የሚል ቦታ እንዳለው ፈልጉ። የኪፕን ኖት በሙሉ በጉግል ቴክአውት ማውረድ ይቻላል። መውጫ የሌለው አፕ ውስጥ የአንድ ዓመት ጽሑፍ አታስገቡ።

ስልኬ ጠፋ

ሲንክ ከነበረ ኖቱ ደህና ነው። ቶሎ ብላችሁ ኮምፒውተር ላይ በጂሜይላችሁ ግቡ፣ የጉግል አካውንታችሁ ሴኩሪቲ ውስጥ "ዩር ዲቫይስስ" የሚለውን ከፍታችሁ የጠፋውን ስልክ አስወጡ። ኢንተርኔት ካፌ ከሆናችሁ ኢንኮግኒቶ (ብራውዘሩ የገባችሁበትን የማያስቀርበትን መስኮት) ክፈቱ፣ ስትጨርሱም ውጡ። ኮድ በጠፋው ሲም ይላካል ካለ መታወቂያ ይዛችሁ ሲሙን ማስተካት ግድ ነው። ያን መመላለስ ለማትፈልጉ ጉግል እያንዳንዳቸው 8 አኃዝ ያላቸው 10 መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል። ዛሬውኑ አትሙና ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር አስቀምጡት።