ከድመቷ አፍ የተንጠለጠለውን ክር አትሳቡ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ዳማ የምትባል ድመት አለችኝ። አንድ ቀን ከአፏ ነጭ ክር ተንጠልጥሎ አየሁና ስቤ ላወጣው እጄን ዘረጋሁ። ጎረቤቴ "ተይ!" ብላ ጮኸችብኝ። ደግነቱ የእንስሳት ሐኪም ልጅ ናት።

ክር ከአፏም ሆነ ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትሳቡት። ሌላው ጫፍ ምላሷ ሥር ተጠምጥሞ ወይም አንጀቷ ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ሲሳብ አንጀቷን ይቆርጠዋል። እንዳለ ይዛችኋት ወደ ሐኪም ሩጡ። እኔ አሁን ክርና መርፌዬን ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ነው የማሳድረው።

ዳማ ፌስታልም ትልስ ነበር። ሥጋ የመጣበትን ብቻ መስሎኝ ዝም አልኩ። ቆይታ ግን የአበባውን አፈርና የግድግዳውን ኖራ ጀመረች። ተቆጣኋት፣ ውሃ ረጨሁባት። ወይ ፍንክች! ለካ ደም ማነስም እንዲህ ያደርጋል። ድዷን ገልጣችሁ እዩ፤ ሮዝ መሆን አለበት። የዳማ ነጣ ብሎ ነበር።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ምን ታበያታለሽ?" ብሎ ነው። ዐቢይ ጾም ነበር፤ ያው እኛ የምንበላውን፣ እንጀራ በሽሮ። ሽሮው ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ቢበስልም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። በዚያ ላይ ቁንጫ ደሟን ይመጥጥባታል። (የውሻ ቁንጫ መድኃኒት እንዳትቀቡ፤ ፐርሜትሪን ያለበት መድኃኒት ድመትን ይገድላል።)

ድመት አትጾምም። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው። ሲጎድልባት ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። ስለዚህ በትንሿ ድስት ዶሮ ያለ ጨውና ያለ ቅመም እቀቅልላታለሁ፣ አጥንቱን አወጣለሁ። ታውሪኑ ወደ ውሃው ስለሚወጣ መረቁንም አልደፋም። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ስለሚያንሰው ከሱቅ የድመት ምግብ ጋር አፈራርቃለሁ። እናቴ በጾም ዶሮ ሸተተ ብላ ታኮርፋለች።

ተስገብግባ በልታ ወዲያው የምታስመልስ ከሆነ ምግቡን በቀን አራት ጊዜ ከፋፍላችሁ በዝርግ ሳህን በትኑላት። ጭራሽ አልበላም ካለች ግን ከ24 ሰዓት በላይ አትጠብቁ። በተለይ ወፍራም ድመት ስትራብ ጉበቷ በስብ ይሞላል።

ዳማ አፈርና ኖራውን በሁለት ወር ገደማ ተወች። ፌስታሉን እስካሁን አልተወችም፤ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።